ስለ ፊት ቅባትና ስለ ድብልቅ መድኃኒት ንግድ

ከብዙ ዓመታት ወዲህ በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ከሳሙናና ከቫዝሊን ጎን ልዩ ልዩ ትናንሽ ቱቦዎች ተደርድረው ይታያሉ። አንዳንዱ ማድያትን ያጠፋል፣ አንዳንዱ ብጉርን ያደርቃል፣ ሌላውም ፊትን ያቀላል እየተባለ ይሸጣል። ገዢው የቅመሙን ስም አያነብም፤ ሻጩም አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው የማሸጊያውን ቀለምና ዋጋውን ብቻ ነው። ሆኖም ከእነዚህ ቱቦዎች ብዙዎቹ የመዋቢያ ዕቃ ሳይሆኑ ብርቱ መድኃኒት ናቸው፤ በውስጣቸውም ስቴሮይድ የሚባለው ቅመም፣ የፈንገስ ማጥፊያና የባክቴሪያ ማጥፊያ በአንድነት ተደባልቀው ይገኛሉ። ነገሩ የሐኪሞች ብቻ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ዕቃው ሕዝቡ ዘንድ የሚደርሰው በሐኪም እጅ ሳይሆን በጉምሩክ መጋዘንና በነጋዴ መደርደሪያ በኩል ስለ ሆነ፣ አስተዳዳሪውና ነጋዴው ከሐኪሙ ይልቅ በጉዳዩ ላይ ሥልጣን አላቸው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በቋንቋም በኩል ስሕተትን የሚያመጣ ነገር አለ። በአማርኛ ቅባት የሚለው ቃል ለቅቤውም፣ ለራስ ጠጕር ዘይቱም፣ ለቁስል መድኃኒቱም ያገለግላል። በባሕሩ ዳርቻ አገር ከኢጣልያኖች የተወረሰው ፖማታ የሚለው ቃልም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ ኢጣልያኖቹ ራሳቸው የጠጕሩንም መቀቢያ የሐኪሙንም መድኃኒት በዚያው ስም ይጠሩታል። ክሬም ቢባልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንዲት ደንበኛ ወደ ሱቅ ገብታ «የፊት ቅባት ስጠኝ» ስትል፣ ቃሉ ማለስለሻውንና መድኃኒቱን ሳይለይ ሁለቱንም ይሸፍናል፤ ሻጩም ብዙ ትርፍ የሚያስገኝለትን አንሥቶ ቢሰጣት በንግግሩ ዋሽቷል ለማለት አይቻልም።

የነገሩ መነሻ መልካም ነበር። በ1948 (ዘመኑ ሁሉ፣ ከአዋጅ ቍጥር በቀር፣ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ አገር በማዮ ክሊኒክ የሚሠሩት ዶክተር ፊሊፕ ሄንች ኮርቲዞን የተባለውን ቅመም በብርቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ለምትሠቃይ አንዲት ሴት በመርፌ ቢሰጧት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕመሙ ለቅቋት ልትራመድ ቻለች። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1950 ሄንች፣ ኬንዳልና ራይክሽታይን ስለዚሁ ሥራ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። በ1952 ደግሞ ሱልዝበርገርና ዊተን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የዚሁ ዘመድ የሆነው ሃይድሮኮርቲዞን በቆዳ ላይ ተቀብቶ ችፌንና ሌላውን የሚያሳክክ በሽታ እንደሚያስታግሥ ጽፈው አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ኬሚስቶች የመጀመሪያውን እያሻሻሉ ከእርሱ እጅግ የበረቱትን፣ ለምሳሌ ቤታሜታዞንንና ኋላም ክሎቤታዞልን አወጡ።

በዚያው ጊዜ በኋላ ብዙ ጣጣ ያመጣ አንድ ነገር ታወቀ። በ1962 ማኬንዚና ስታውተን የተባሉ ሊቃውንት የእነዚህን ቅባቶች ኃይል የሚለኩበት ቀላል ብልሃት አገኙ፤ ይኸውም ቅባቱን በክንድ ላይ አድርጎ ቆዳው ምን ያህል እንደሚነጣ መመልከት ነበር። ስቴሮይድ የቆዳን ደም ሥሮች ስለሚያጠብብ ስፍራው ይነጣል፤ ቅባቱ ብርቱ በሆነ መጠን ንጣቱም ይጨምራል። ለብዙ ጊዜ ሲቀባ ደግሞ ቆዳው ቀለም የሚሠራበትን ኃይል ያደክማል። በሐኪሙ ዘንድ የመድኃኒቱ ኃይል መለኪያና የጉዳቱ ምልክት የሆነው ይህ ንጣት በገበያው ዘንድ የዕቃው ውበት ሆኖ ተሸጠ።

ፊት ከሌላው የሰውነት ክፍል የተለየ መሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1967 ፌልድማንና ማይባክ የተባሉ ተመራማሪዎች ሃይድሮኮርቲዞን በልዩ ልዩ የሰውነት ክፍል ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ ለኩ። በክንድ የውስጥ ገጽ የሚገባውን እንደ 1 ቢቈጥሩት በግንባር 6፣ በመንጋጋ ጥግ 13 ሆኖ ተገኘ፤ በውስጥ እግር ግን የአንዱ ሰባተኛ ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ ለተሰነጠቀ ተረከዝ የታዘዘውን ቱቦ ቤተ ሰቡ ተቀባብሎ ጕንጩን ቢቀባበት፣ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በፊት ላይ የሚሠራው ሥራ በተረከዝ ላይ ከሚሠራው ብዙ እጥፍ ነው። በየቤቱ የሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ከገበያ የመጣ አይደለም፤ ከጓዳ የሚነሣውም ቀላል አይደለም።

ሦስቱን መድኃኒት በአንድ ቱቦ መደባለቁ ስለ ምን እንደ ተጀመረ ማስተዋል ይገባል። ሐኪም ማይክሮስኮፕ በሌለበት ስፍራ አንድ የሚያሳክክ ሽፍታ ቢመጣበት፣ ችፌ ይሁን ጭርት ወይም ባክቴሪያ የገባበት ቁስል ወዲያው መለየት ያስቸግረዋል። ሦስቱንም የሚመታ አንድ ቱቦ ቢያገኝ መመርመሩ የቀረለት ይመስለዋል። ይኸው ምክንያት ለሱቅ ነጋዴ ደግሞ እጅግ የተመቸ ሆነ፤ በሽታውን ሳይጠይቅ ለመጣው ሁሉ አንዱን ዕቃ ይሰጣልና። ነገር ግን ሦስቱ ቅመሞች ተባብረው አይሠሩም። ስቴሮይዱ ሰውነት ተሐዋስያንን የሚከላከልበትን ኃይል ያደክማል፤ ፈንገሱም በዚህ ተመችቶት ይስፋፋል፤ ከጎኑ ያለው የፈንገስ ማጥፊያ ደግሞ ማሳከኩ ስለ ጠፋ ከአራትና ከአምስት ቀን በኋላ ይቋረጣል። በሽተኛው ዳንሁ ብሎ ይተዋል፣ በሳምንቱ ይመለስበታል፣ እንደ ገና ይገዛል።

በዚህ ዓይነት መልኩን የለወጠው ጭርት በ1968 አይቭና ማርክስ በተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሐኪሞች ተገልጾ «የማይታወቅ ጭርት» የሚል ትርጓሜ ያለው የላቲን ስም ተሰጥቶታል። ክብ የነበረው ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ቅርፊቱ ይጠፋል፣ ሐኪምም ቢያየው በቀላሉ አይለየውም። ይህ ከታወቀ ከአምሳ ዓመት በላይ ሲሆን ድብልቁ ግን ዛሬም በየሱቁ ይሸጣል።

በፊት ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፊቱ ይጠራል፣ ብጉሩ ይሟሽሻል፣ ጓደኞች ያመሰግናሉ። ከጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል፤ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች በጕንጭ ላይ ይታያሉ፤ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ጥቃቅን ብጉሮች በብዛት ይወጣሉ፤ በአፍ ዙሪያ ሽፍታ ይበቅላል፤ በሴቶችም ጕንጭ ላይ ያልነበረ ጠጕር ይታያል። ጠቈር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ በግልጥ ስለማይታይ ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ቅባቱ ሲቀር የሚሆነው ነው፤ ፊት ይነዳል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ፀሐይን አይችልም። ሰውየውም ይህን የበሽታው መመለስ አድርጎ ስለሚቈጥረው ወደ ቱቦው ይመለሳል። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን ቅባቱ ሲቋረጥ የሚመጣ ጉዳት በ2021 በይፋ አስጠንቅቋል፤ በ2024 ደግሞ በየቱቦው ላይ የቅባቱ ኃይል ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ብርቱ፣ እጅግ ብርቱ ተብሎ እንዲጻፍ አዟል።

ጉዳቱ በቆዳ ብቻ አያበቃም። በዓይን አጠገብ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግላኮማንና የዓይን ሞራን ሊያመጣ ይችላል፤ ግላኮማ ያጠፋው ብርሃንም አይመለስም። ብርቱው ዓይነት በሰፊ አካል ላይ ለወራት ቢቀባ ወደ ደም ገብቶ ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች ሥራ ያስፈታል፤ የደም ግፊትና የስኳር በሽታም ሊከተል ይችላል። ሕፃናት ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

አንድ መንግሥት ይህን ጉዳይ ዘግይቶ ሲይዘው ምን እንደሚገጥመው ከሕንድ አገር ታሪክ መማር ይቻላል። በ2011 በታተመ ጥናት በልዩ ልዩ የሕንድ ከተሞች ያሉ የቆዳ ሐኪሞች በፊታቸው ላይ በሽታ ያለባቸውን 2926 ሰዎች ቢመረምሩ 433ቱ የስቴሮይድ ቅባት ሲጠቀሙ ተገኙ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ቅባቱን የያዙት በሐኪም ትእዛዝ አልነበረም። ሐኪሞቹ ለጉዳቱ ራሱን የቻለ ስም እስከ መስጠት ደረሱ፤ «በስቴሮይድ ቅባት የተጎዳ ፊት» አሉት። የሕንድ መንግሥት በመጋቢት 2016 የማይረቡ ናቸው ያላቸውን 344 ድብልቅ መድኃኒቶች ከለከለ፤ ከእነዚህም ውስጥ የቆዳ ቅባቶች ነበሩባቸው። ፋብሪካዎቹ ከሰሱ፤ የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ክልከላውን ሻረ። ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2017 መጨረሻ እንደ ገና እንዲመረመር ታዘዘ፤ በመስከረም 2018 የ328 ድብልቆች ክልከላ ወጣ። በዚሁ በ2018 ዐሥራ አራት የስቴሮይድ ቅባቶች ያለ ሐኪም ወረቀት እንዳይሸጡ ተወሰነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ጐልቶ ይታያል። አንደኛው፣ ከመጋቢት 2016 እስከ መስከረም 2018 ድረስ በክርክሩ ጊዜ ዕቃው ከገበያ አልጠፋም፤ ክልከላ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ማስረጃውን በየቅመሙ ለይቶ ካላዘጋጀ በፍርድ ቤት እንደሚረታ ታይቷል። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። በእነዚያ ዓመታት በሕንድ አገር በተለመደው መድኃኒት የማይበገር ጭርት ተስፋፋ፤ በ2020 ትሪኮፊቶን ኢንዶቲኔ የሚል ስም ተሰጠው፤ በ2023 በኒው ዮርክ ከተማ ሁለት በሽተኞች ላይ መገኘቱን የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት አስታወቀ። የስቴሮይድ ድብልቅ ቅባት ያለ ልክ መሸጡ ለዚህ አንድ ምክንያት እንደ ሆነ ሐኪሞች ይናገራሉ። ከሕንድ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች ያለው የንግድ መስመር ጥንታዊ ነው፤ ሰውም ዕቃም ይመላለሳል፤ ስለዚህ ይህን እንደ ሩቅ አገር ወሬ አድርጎ መተው አይቻልም።

እዚህ ላይ መለየት የሚገባ ነገር አለ። ለማድያት የሚሰጥ ሌላ ዓይነት የሦስት ቅመም ድብልቅ አለና ከላይ ከተነገረው ጋር መቀላቀል የለበትም። በ1975 ክሊግማንና ዊሊስ ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይንና ዴክሳሜታዞንን በአንድነት ቀምመው ጠቃጠቆንና ማድያትን ለማደብዘዝ እንደሚረዳ አሳዩ። ከዚሁ ሐሳብ የተወለደ አንድ ቅባት በ2002 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ሃይድሮኪኖን 4 በመቶ፣ ትሬቲኖይን 0.05 በመቶ፣ ፍሉኦሲኖሎን 0.01 በመቶ ነው። እንግዲህ ድብልቅ ሁሉ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ፈቃዱ በመካከለኛና በከባድ ማድያት ላይ፣ በሐኪም ወረቀት፣ ማታ አንድ ጊዜ፣ ለአጭር ጊዜ ማለት እስከ ስምንት ሳምንት፣ ከፀሐይ በመጠበቅ የሚል ነው፤ እርጉዝ ሴትም አትቀባውም። ከእነዚህ ሁኔታዎች አንዱ ከጎደለ የቀረው ነገር የተፈቀደው ሕክምና አይደለም። ሃይድሮኪኖን ለዓመታት ሲቀባ ደግሞ ቆዳን በማንጣት ፈንታ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁረት ያመጣል፤ ይህም በ1975 በደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ተገልጾ፣ ያች አገር በ1990 ቅመሙን ከመዋቢያ ዕቃ ውስጥ ከልክላለች። ባዜቃ የሚገኝባቸው ማንጫ ቅባቶችም አሉ፤ የእነርሱ ነገር ግን ክርክር የማያሻው መርዝ ስለ ሆነ በሚናማታ ስምምነት ተከልክሏል።

ማድያት የተመላላሽ በሽታ መሆኑ ለነጋዴው መልካም ገበያ፣ ለበሽተኛዋ ግን ክፉ ዕድል ነው። ፀሐይ ያስነሣዋል፤ እርግዝናና ወሊድ መከላከያ ኪኒን ያባብሱታል። ስለዚህ ባርኔጣ፣ ጥላ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ሳይኖር የሚቀባ መድኃኒት ሁሉ በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ቆዳው ጠየም ላለ ሰው የብረት ኦክሳይድ ያለበት ቀለም ያለው መከላከያ ከነጩ ይሻላል፤ ማድያትን የሚያነሣው በዓይን የሚታየው ብርሃን ጭምር ነውና።

በትክክል ስለ መቀባትም ሐኪሞች የተስማሙበት ልክ አለ። በ1991 ሎንግና ፊንሌይ በጣት ጫፍ የሚለካ መለኪያ አውጥተዋል። ከቱቦው ተጨምቆ የዐዋቂን ሰው ሌባ ጣት ከጫፉ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚሞላው ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ይህም የሁለት መዳፍ ያህል ስፍራ ይበቃዋል። ለፊትና ለአንገት በሙሉ ሁለት ጣት ተኩል ማለት 1.25 ግራም ይሆናል። እንግዲህ ነጋዴው ይህን ቢያሰላ ብዙ ነገር ይገለጥለታል። ፊቷንና አንገቷን በሙሉ በየማታው አንድ ጊዜ የምትቀባ ሴት 15 ግራም የያዘ ቱቦ በ12 ቀን ትጨርሳለች፤ በዓመት ሠላሳ ቱቦ መሆኑ ነው። ለትንሽ ሽፍታ ለአንድ ሳምንት የታዘዘለት ሰው ግን ያን ቱቦ አንድ ጊዜ ገዝቶ ይተርፈዋል። በየሁለት ሳምንቱ አንድን ቱቦ ለመግዛት የሚመለስ ደንበኛ ታማኝ ደንበኛ ብቻ ሳይሆን ምናልባት ቅባቱ የያዘው ሰው ነው።

ሐኪም በፊት ላይ ስቴሮይድ ሲያዝዝ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳውን፣ እንደ ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ያለውን፣ በታመመው ስፍራ ብቻ፣ በስሱ፣ ለጥቂት ቀናት ያዝዛል። ለብጉር፣ ለጭርት፣ በአፍ ዙሪያ ለሚወጣ ሽፍታ አይሰጥም። በዱቄትና በሌላ መዋቢያ ፈንታ በየቀኑ የሚቀባ አይደለም። ለወራት የቀባ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን ወርውሮ ከመተው ወደ ሐኪም ሄዶ ብርቱው በለስላሳው እየተተካ፣ ቀኑም እየተራራቀ እንዲቀርለት ማድረግ ይሻለዋል። ስቴሮይድ በራሱ ጠላት አለመሆኑም ይነገር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሃይድሮኮርቲዞንና ቤታሜታዞን ቅባቶችን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አግብቷቸዋል። ችፌ የያዘውን ሕፃን በፍርሃት ምክንያት ያለ መድኃኒት ማሠቃየትም ሌላ ጥፋት ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 መድኃኒትንም የውበት መጠበቂያ ዕቃንም በአንድ ባለ ሥልጣን ቍጥጥር ሥር አድርጓል። ይህ አገባብ መልካም ነው፤ ችግሩ ያለው በሁለቱ መካከል በሚገኘው ድንበር ላይ ነውና። አስመጪው በወረቀቱ ላይ «መዋቢያ» ብሎ የጻፈውን ሣጥን የጉምሩክ ሠራተኛ ሲከፍት፣ ስማቸው በ«ሜታዞን»፣ በ«ቤታዞል»፣ በ«ሲኖሎን» ወይም በ«አሴቶናይድ» የሚያልቅ ቅመሞች በቱቦው ጀርባ ከተጻፉ ዕቃው መዋቢያ አይደለም። እነዚህን ጥቂት መጨረሻዎች በአንድ ገጽ ወረቀት በአገሩ ፊደል ጽፎ በየኬላው መለጠፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ከብዙ ስብሰባም ይበልጥ ይጠቅማል። ቤታሜታዞንና ክሎቤታዞል በላቲን ፊደል ብቻ ታትመው ሲመጡ ግን የሚያነባቸው ጥቂት ነው።

በሌላ በኩል ሱቅ እየዘጉ ዕቃ እየወረሱ መሄድ ብቻውን የሚያመጣው ውጤት ይታወቃል፤ ቱቦው ከመደርደሪያ ወደ ጠረጴዛ ሥር ይወርዳል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ ጥራቱም ይብሳል። ጭርት የያዘው ገበሬ ወደ ሱቅ የሚሄደው የቆዳ ሐኪም ስለሌለው ነው። ንጹሕ የፈንገስ ቅባት፣ ስቴሮይድ ያልተቀላቀለበት፣ በአነስተኛ ዋጋ በየጤና ጣቢያው ቢገኝ የድብልቁ ገበያ ግማሹን ያጣል። ሰውን በማሠልጠን በኩልም የሚጠቀስ ሥራ አለ፤ በታንዛንያ በሞሺ ከተማ ከ1992 ጀምሮ የተቋቋመው የአካባቢው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ለመጡ የጤና መኰንኖች የቆዳን በሽታ መለየትን ሲያስተምር ቆይቷል፤ በዚያውም ለአልቢኖዎች የሚሆን የፀሐይ መከላከያ ቅባት እየተቀመመ ይታደላል። የቆዳ ሐኪም እስኪበዛ ድረስ አንድ የወረዳ ጤና መኰንን ጭርትን ከችፌ ለይቶ ማወቁ በሺህ የሚቈጠሩ ቱቦዎችን ያስቀራል።

ነጋዴዎች ደግሞ ሕጉ ንግዳቸውን የሚነካ መስሏቸው ሲያጕረመርሙ ይሰማል። ከስሌቱ አንጻር ሲታይ ፊቱ የተጎዳ ደንበኛ ያን ሱቅ ዳግመኛ አይረግጥም፤ ዘመዶቹንም ይከለክላል። የፀሐይ መከላከያና ቫዝሊን ግን ዓመቱን ሙሉ ይሸጣሉ፤ የሐኪም ወረቀትም አይጠይቁም። ባለ መድኃኒት ቤቶቹም ቢሆኑ የሐኪም ወረቀት ላመጣ ብቻ ሰጥተው፣ ቀኑንና የቱቦውን ቍጥር በመዝገብ ቢጽፉ፣ በወሩ መጨረሻ መዝገቡን የሚመለከት ተቈጣጣሪ የትኛው ቱቦ በየትኛው ሰፈር ከልክ በላይ እንደ ሄደ ያለ ብዙ ድካም ሊያየው ይችላል።